ኩንታል መርፌ ሲይዝ

በእህል መጋዘኑ ያሉ ጫኝና አውራጆች «ኩንታል» ብለው የሚጠሩት አንድ ሰው ነበረ። ስሙን ያወጡለት በጉልበቱ ዘመን አንድ ሙሉ ኩንታል ያለ ረዳት አንሥቶ የመኪናውን መወጣጫ ሲወርድ አይተው ነው፤ እርሱም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብሎ ኖረበት። ሹመት ግን አላፊ ነው። በአንድ የክረምት ጠዋት ጭቃ አንሸራትቶት ከነሸክሙ ወደቀ፤ ወገቡ ክፉኛ ተጎድቶም ክረምቱን በሙሉ ከአልጋ ሳይወርድ ከረመ። በኋላ የፈጣሪ ምሕረት ደርሶለት ቢነሣም ሸክም ለዘለቄታው ተከለከለ። የመጋዘኑ ኃላፊ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበርና፣ ከማሰናበት ይልቅ በአንድ ጥግ በርጩማ ሰጥቶ የተቀደዱ ጆንያዎችን እየጠገነ እንዲኖር አደረገው። ኩንታል ያነሣ የነበረው ክንድ በዚህ መንገድ የጆንያ መርፌና ሲባጎ ይዞ ቀረ።

ሚስቱ፣ ነፍሷን በደጋጎቹ እቅፍ ያኑርልንና፣ ካረፈች ከርማለች። የቀረችለት አንዲት ሴት ልጁ ናት። ልጅቱ ትምህርቷን ከጨረሰች ወዲህ በር ስታንኳኳና «ሌላ ጊዜ ተመለሺ» ስትባል ቆይታ፣ በመጨረሻ ከሰፈራቸው በላይ ባለው ክሊኒክ ካርድ ክፍል እንድትሠራ ተፈቀደላት። የክሊኒኩ አስተዳዳሪ ንግግሯ እንደ መድኃኒት ማዘዣ አጭር የሆነች ሴት ነበረች።

«ከሚመጣው ሰኞ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ትጀምሪያለሽ» አለቻት። «ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ፣ እጅጌ ያለው፣ ኮሌታው ነጭ። የምታሰፊው ራስሽ ነሽ። የደንብ ልብሱን ሳትለብስ የመጣች ከበር ትመለሳለች። ቦታውን የሚጠብቁ ሌሎች አሉ።»

ልጅቱ ከዚያ ወጥታ በየልብስ ሰፊው ደጅ ዞረች። ወደ ማታ ቤት ስትገባ ደስታዋና ሐሳቧ በፊቷ ላይ ተቀላቅለው ነበር።

«አባዬ፣ ነገሩ አልገጠመም። ጨርቁን ብንገዛ የእጅ ዋጋውን አንችልም፤ የእጅ ዋጋውን ብንከፍል ጨርቅ የለንም።»

«እንግዲያው ጨርቁን እንገዛለን» አለ ኩንታል። «እጅማ አለኝ።»

ልጅቱ እጆቹን ተመለከተች። ጣቶቹ እንደ በቆሎ ራስ የወፈሩ ነበሩ።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ጆንያ አይደለሁም።»

«ጆንያም ቢሆን አፉ ካልተሰፋ ይፈስሳል» አላት፤ ሁለቱም ሣቁ። እርሷ ግን ሣቋን ቶሎ ሰበሰበችው፤ አባቷ ከቀለደ በኋላ የተናገረውን የሚያደርግ ሰው እንደ ሆነ ታውቃለችና።

በማግሥቱ ብትን ጨርቅ ከሚሸጡት ዘንድ ሄደው ለአንድ ቀሚስ ያህል ብቻ አስቆረጡ። ነጋዴው ጨርቁን እያጠፈ፣ «ይህ ለጎበዝ ሰፊ ይበቃል። ከተሳሳታችሁበት ግን ሸጋ መሐረብ ይወጣዋል» አለ። ኩንታል ጥቅሉን በብብቱ አጥብቆ ይዞ ወደ ቤት ተመለሰ። ለክርና ለመርፌ ከከፈሉ በኋላ ስሕተትን የሚቀበል ሌላ ጨርቅ እንደማይኖራቸው ሁለቱም ዐውቀውታል።

በዚያው ግቢ፣ ከክፍሎቹ ሁሉ በመጨረሻው፣ አንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ ይኖሩ ነበር። የግቢው ሰው «እማማ መቀስ» ይላቸዋል፤ ግማሹ ስለ ሙያቸው፣ ግማሹም ስለ ምላሳቸው። ዓይናቸው ደክሞ ሥራውን ከተዉ ወዲህ በእግር የሚረገጠው የስፌት መኪናቸው ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይዞ ነበር። ኩንታል ዝቅ ብሎ በበራቸው ገባ።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ?»

«ኩንታል ነህ። ወለሉ ሲያቃስት ሰማሁት። ተቀመጥ፤ ወንበሩ ላይ ግን አይደለም፣ አልጋው ላይ።»

የመጣበትን ሁሉ ነገራቸው። እርሳቸውም ከሰሙ በኋላ፣ «እኔ አልሰፋልህም። የመርፌ ቀዳዳ በሩን ከዘጋብኝ ቆይቷል» አሉ።

«እንዲሰፉልኝ አይደለም። እንዲያስተምሩኝ ነው።»

እማማ መቀስ ነጠላቸው ከራሳቸው እስኪወርድ ሣቁ። ከዚያም እጃቸውን ዘርግተው፣ «ወዲህ በለው፤ እጅህን ልየው» አሉት። መዳፉን ገለበጡ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«ይህ እጅ አይደለም፣ አካፋ ነው። ቢሆንም አይንቀጠቀጥም። የማይንቀጠቀጥ እጅ ከቀጭን ጣት ይሻላል።»

«ክፍያ ግን…»

«ክፍያ ማን ጠየቀህ? በሬ አይዘጋም፤ ጣሪያዬም ያፈስሳል። አንተ እነርሱን ስፋ፣ እኔ አንተን እሰፋለሁ።»

የመጀመሪያው ትምህርት መስፋት አልነበረም፤ መተርተር ነበር። እማማ መቀስ የተቀዳደዱ አሮጌ ሸሚዞች አውጥተው ሰጡትና ጨርቁን ሳይነካ ክሩን ብቻ እየመዘዘ እንዲፈታቸው አዘዙት። «መቋጠርማ ማንም ይቋጥራል። ለቃቅሞ የፈታ ሰው ነው እንዴት እንደ ተያያዘ የሚገባው» ይሉ ነበር። ኩንታልም ከሥራ መልስ ከደጃፋቸው ቁጭ ብሎ ፈታ። እጅጌ ሲፈታ ጠፍጣፋ ሆኖ አገኘውና ተደነቀ፤ እስከዚያ ዕለት እጅጌ ድሮውኑ እንደ ቧንቧ ክብ ሆኖ የሚፈጠር ይመስለው ነበር።

ቀጥሎ የስፌት መኪናው መጣ። ክር ሳይገባበት፣ በጋዜጣ ወረቀት ላይ በከሰል መሥመር ተሠምሮለት፣ መርፌው በመሥመሩ ላይ እንዲሄድ ይለማመድ ጀመር። እግሩ ከባድ ስለ ሆነ መኪናው እንደ ደነገጠ በቅሎ ይጋልብበታል፤ ወይም ወደ ኋላ ይዞራል። «ቀስ። የምትረግጠው ጭቃ አይደለም» ይሉታል እማማ መቀስ። በድምፁ ብቻ የት እንደ ሳተ ያውቁ ነበር። ክር ሲገባ ደግሞ ክሩ ተበጠሰ፣ ተቋጠረ፣ ከሥር እንደ ወፍ ጎጆ ተተበተበ። በመጀመሪያ በእጁ የሰፋውን ቁራጭ አሮጊቷ በጣታቸው ዳስሰው፣ «በዚህ መካከል በግ ከነግልገሉ ያልፋል» ብለው መለሱለት። እንደገና ተረተረው፤ እንደገና ሰፋው።

በመጋዘኑም ወሬው ቶሎ ተሰማ። በምሳ ሰዓት ኩንታል በበርጩማው ላይ ሆኖ ከዱቄት ከረጢት በተቆረጠ ብጣሽ ላይ ሲለማመድ ጫኞቹ ከበቡት።

«ኩንታል ቀሚስ ሊሰፋ ነው አሉ። ማን ሊለብሰው ነው፣ የጭነት መኪናው?»

«አንተ ነሃ» አለው ቀና ሳይል። «ወገብህን በሲባጎ ለክቼዋለሁ፤ ሲባጎው አልበቃም።»

«የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ…»

«ያገባና ልጁም በጊዜ ይደርስለታል» ሲል ሣቅ ሆነ። ከመካከላቸው አንዱ ግን ማታ ሲወጣ ከታጠቡ የዱቄት ከረጢቶች የተሻለውን መርጦ በዝምታ በርጩማው ሥር አኖረለት። ድኻ ለድኻ የሚሰጠው እንዲህ ነው፤ ምስጋና እንዳይበዛበት ፊቱን አዙሮ።

ስፌቱ ቀጥ ማለት ሲጀምር የቅዱ፣ የጨርቁ አቆራረጥ፣ ነገር መጣ። እማማ መቀስ እንዲህ አሉት፦ «ቅድ በወሬ አይማሩትም። ጥሩ እጅ የሰፋውን፣ ለልጅቱ ልክ የሆነ ቀሚስ ፈልገህ ተርትር። ቁራጮቹን በከረጢቱ ላይ ዘርግተህ ቅዳ፤ መጀመሪያ በከረጢቱ ሞክር። ሰማያዊው ላይ መቀስ ከመግባቱ በፊት ግን ልዳስሰው። መቀስ አፍ እንጂ ጆሮ የለውም፤ አንዴ ከበላ ወዲያ ብትለምነው አይሰማህም።»

የልጅቱ ልብሶች ሁሉ ከሰልባጅ ተራ የተለቀሙ፣ ሲጎትቷቸው የሚሳቡ ነበሩ። በቤቱ ውስጥ በጥሩ እጅ የተሰፋ አንድ ቀሚስ ብቻ አለ፤ እርሱም የእናቷ ነው። ሟች ለክብር ቀን ብቻ የምትለብሰው፣ ከሞተችም ወዲህ ከሣጥን ያልወጣ። ልጅቱ ለብሳው አታውቅም፤ በቁመትና በወገብ ግን ቁርጥ እናቷን ናት። ኩንታል ቀሚሱን አውጥቶ በጉልበቱ ላይ አደረገና ቆየ።

«ተወው፣ አባዬ» አለች ልጅቱ። «ሌላ እንፈልጋለን።»

«ከየት?»

እርሱም አማተበና የመጀመሪያውን ክር መዘዘ። ስፌቱ ጥቃቅንና ድብቅ ነበር፤ ሚስቱ ማን እንደ ሰፋላት ነግራው አታውቅም፣ እርሱም ጠይቋት አያውቅም። ቀሚሱ ተፈትቶ ፊትና ኋላው፣ ሁለቱ እጅጌዎች፣ ኮሌታው በአልጋው ላይ ሲዘረጉ አንድ ሙሉ ሰው የተኛ መሰለ። ልጅቱ ውኃ ለመቅዳት ወጣች።

በከረጢቱ ላይ የተቆረጠው መሞከሪያ በሁለት ማታ በእጅ ተሰፋ። ልጅቱ ለበሰችው።

«ግራ ትከሻዬን ያዘኝ።»

«ከረጢት ነው፣ ልጄ። ትከሻሽን ዱቄት መስሎት ነው» አላት። ጨርቁ ደረቅ ስለ ነበረ ሁለቱም አመኑት። እማማ መቀስ በዚያ ሰሞን ሳል ጥሏቸው ተኝተው ነበር፤ ኩንታልም ሾርባ ሲያደርስላቸው መሞከሪያውን ይዞ ሊገባ ካሰበ በኋላ ተወው። ሕመምተኛ ማስቸገር ነውር ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። እውነቱ ግን ሌላም ነበረበት፦ ያለ እርሳቸው እጅ ጨርሶት፣ አልብሷት፣ በድንገት ሊያሳያቸው ልቡ ጓጉቶ ነበር። ትሑት ሰውም ቢሆን በሥራው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ትዕቢት ያገኘዋል።

ስለዚህ ሰማያዊውን ጨርቅ በአልጋው ላይ ዘርግቶ፣ የሟችን ቀሚስ ቁራጮች በላዩ አንጥፎ፣ ዙሪያቸውን በሳሙና ስባሪ አሠመረ። ከታች በኩል ብቻ በጆንያ ሥራ ልማድ አንድ ስንዝር ያህል ትርፍ ተወ፤ የጆንያ አፍ ትርፍ ከሌለው ሲታጠፍ ይፈስሳልና። ከዚያም ቆረጠ። ለኮሌታው አሮጌ ነጭ የትራስ ልብስ ታጥቦ ተተኮሰ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጅቱ ሥራ ልትጀምር ሰንበት ብቻ ሲቀራት፣ ቀሚሱን በሰፋፊ ስፌት ለጊዜው አያይዞ አለበሳት። ቀኝ ጎኑ እንደ ፈሰሰ ውኃ ተኛ። ግራው ግን ከአንገቷ እስከ ክንዷ ድረስ ተሸብሽቦ፣ ኮሌታውን ወደ ራሱ ጎተተው። ኩንታል በእጁ አስተካከለው፤ ተመልሶ ተሸበሸበ። በካውያ ተኮሰው፤ ተመልሶ ተሸበሸበ።

ልጅቱ በተሰነጠቀው መስታወት ራሷን ስታይ ቆየችና፣ «እንዲህ ባደርግስ?» ብላ ግራ ትከሻዋን ዝቅ አደረገች። ሽብሽቡ ወዲያው ጠፋ። አባቷን ለማሣቅ ብላም ትከሻዋን እንዳወረደች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተራመደች። «ካርድ ክፍል እንዲህ ሆኜ ቁጭ እላለሁ፤ ማን ያውቃል?»

ኩንታል ከኋላዋ ሲያያት ሣቀ፤ ሣቁም በመካከል ቆመ። ሸክም የለመደ ሰው አንዱን ትከሻውን መርጦ ስለሚሸከምበት፣ ዓመታት ሲያልፉ ያ ትከሻ ዝቅ ይላል። ኩንታል በመንገድ ላይ ጫኝን ከኋላው የሚለየው በዚህ ነበር፤ ስንት ጊዜ የማያውቀውን ሰው «ወንድሜ፣ የት መጋዘን ነህ?» ብሎ ጠይቆ አልሳተም። አሁን በልጁ አካሄድ ውስጥ ያን አየ፤ ለምን በዚያ ቀሚስ ውስጥ እንደ ተገኘ ግን አልገባውም።

«አውልቂው» አላት በዝግታ። «እማማ ዘንድ ልሂድ።»

እማማ መቀስ ተኝተው ነበር፤ ሳሉ ግን ቀለል ብሏቸዋል። ኩንታል ያለ ፈቃዳቸው መቁረጡን ነገራቸው። ይቆጡኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እርሳቸው ግን ቀሚሱን ተቀብለው ትከሻውን በጣቶቻቸው ይከተሉ ጀመር፤ ከአንገት ወደ ክንድ፣ እንደገና ከአንገት ወደ ክንድ።

«ከምን ላይ ነው የቀዳኸው?»

«ቤት ካገኘሁት ቀሚስ።»

«ቁራጮቹን አምጣልኝ።»

አመጣላቸው። አሮጊቷ የፊቱን ቁራጭ በጭናቸው ላይ ዘርግተው የግራውን ትከሻ ዳሰሱ፤ በጠርዙ ላይ የቀሩትን የመርፌ ፈለጎችም በጥፍራቸው ነካኩ። እጃቸው ቆመ።

«ይህ የኔ እጅ ነው» አሉ። «ለሚስትህ የሰፋሁት ነው።»

ኩንታል ቁራጩን ከጭናቸው አንሥቶ አየው።

«እዚሁ መጥታ በሩን ዘጋችና፣ ‹እማማ፣ ግራ ትከሻዬ ወርዷል፤ ይሸፍኑልኝ› አለችኝ። ትከሻ መውረዱን የሚያሳብቀው በልብስ ላይ የሚወጣው ሽብሽብ ነው፤ ሽብሽቡን ካጠፋኸው የሰው ዓይን አይጠይቅም። እኔም ግራውን አንድ ጣት ያህል ዝቅ አድርጌ ቀደድኩት። አንተ ደግሞ ይህን ቅድ ትከሻዋ ለተካከለ ልጅ አለበስከው።»

«ትከሻዋ ለምን ይወርዳል?» አለ ኩንታል። የጠየቀው ግን መልሱን ከወዲሁ እንደሚፈራ ሰው ነበር።

«ከወፍጮ ቤት ወደ ዳቦ ቤት ዱቄት ትሸከም ነበር። ወድቀህ በተኛህበት ክረምት ጀመረች፤ ከዚያም ወዲያ ለዓመታት ቀጠለች።»

«ወፍጮ ቤትማ ትጠርግ ነበር እንጂ።»

«የነገረችህ እንዲያ ነው። ያኔ ገና አልጋ ላይ ሳለህ፣ ‹ስሸከም ካወቀ ሳይድን ከአልጋው ይነሣል፤ ከተነሣ ደግሞ አይድንም› አለችኝ። አስማለችኝም። እርሷ ካረፈች ወዲያ ልነግርህ ስንት ጊዜ አሰብኩ፤ ሐዘን ለምን ልጨምርልህ አልኩና ተውኩት።»

ኩንታል በአልጋው ጫፍ ተቀመጠ። የሚስቱ ልብስ ሁልጊዜ ዱቄት እንደ ነበረበት አስታወሰ፤ በግራ ትከሻዋ ላይ ደግሞ ይበዛ ነበር። በአልጋው ላይ ሆኖ በእጁ ያራግፍላት ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን፣ «በመጥረጊያ ነው ወይስ በትከሻሽ ነው የምትጠርጊው?» ብሏት ነበር። እርሷም ሣቀች። ሣቋ እንዴት እንደ ነበረ ለማስታወስ ቢሞክር አልመጣለትም።

«እማማ፣ እኔ እኮ ጫኝን ከኋላው ነው የምለየው» አለ።

«እንዳታይ አድርጌ የሰፋሁት እኔ ነኝ። በዚህ ራስህን አትክሰስ።» ድምፃቸውንም አጠነከሩ። «ሐዘኑን ለሌላ ቀን አቆየው፤ እርሱ አይሄድብህም። ነገ ሰንበት ነው፤ መርፌ አይነሣም። ልጅቱ ደግሞ ሰኞ ትገባለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ እንጨርሰው። ከታች ስንት አስተረፍክ?»

«አንድ ስንዝር።»

«አንድ ስንዝር? ማን እንዲህ ያስተርፋል?»

«የጆንያ ልማድ ነው።»

«ልማድህን እግዜር ይባርከው። ቁረጠው።»

ከቀሚሱ ታች ትርፉ ተቆረጠ። በእርሳቸው ትእዛዝ ሁለቱም ትከሻዎች ተፈቱ፤ ከትርፉም ሁለት ቀጫጭን ቁራጮች ወጥተው በትከሻዎቹ ላይ በፊትና በኋላው መካከል ገቡ። የግራው ቁራጭ ወደ ክንዱ ሲሄድ አንድ ጣት እንዲሰፋ ሆኖ ተቆረጠ።

«የጎደለው ግራው ብቻ ከሆነ ለምን ሁለቱንም?» ብሎ ጠየቀ ኩንታል።

«አንዱ ላይ ብቻ ካደረግከው መጣፊያ ነው ይሉሃል። ሁለቱም ላይ ካደረግከው ፋሽን ነው ይሉሃል።»

ተንቆ ጥግ ይዞ የነበረው መኪና ያን ቀን እስከ ማታ ሲጮኽ ዋለ። ኩንታል ይረግጣል፤ እማማ መቀስ አልጋቸውን ትተው በአጠገቡ ተቀምጠው፣ ከመርፌው የሚወጣውን ስፌት በጣታቸው እየተከተሉ «ቀጥል… ያዝ… አዙር» ይላሉ። ልጅቱ ክር ስታስገባ፣ ካውያ ስታሞቅ ዋለች። አባቷ ለምን እንደማይቀልድ ገርሟት ነበር፤ ነገር ግን ስለ ቀሚሱ የተጨነቀ መስሏት አልጠየቀችውም። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት የመጨረሻው ክር ተቋጥሮ ተበጠሰ። ቀሚሱን ስትለብሰው በሁለቱም ትከሻዋ ላይ እኩል ተኛ፤ ቁመቱ ግን ትርፉ ተቆርጦ በመሄዱ ከታሰበው አጥሮ ከጉልበቷ ላይ ቀረ።

ሰንበትን ሦስቱም በጸሎት አሳለፉ። ሰኞ ጠዋት ኩንታል ከመጋዘኑ ፈቃድ ጠይቆ ልጁን እስከ ክሊኒኩ በር ሸኛት። እርሷ ገባች፤ እርሱ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሌላ ልጅ ፊቷን ሸፍና ወጣች፤ ኮሌታዋ ነጭ አልነበረም። ኩንታል ከልቡ አዘነላት፤ ዓይኑን ግን ከበሩ አላነሣም።

«ጋሼ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?» አለው ዘበኛው።

«ልጄን።»

«መቼ ነው የምትወጣው?»

«እንዳትወጣ ነው የምጠብቀው» አለው።

ዘበኛው ነገሩ ሲገባው ፈገግ ብሎ ከወንበሩ ተነሣና እንዲቀመጥ ጋበዘው። ኩንታል ግን ቆሞ ጠበቀ። በሽተኞች ገቡ፣ ወጡ፤ የካርድ ክፍሉ መስኮት ተከፈተና ከውስጡ የሰው ስም የሚጠራ ድምፅ ተሰማ። የልጁ ድምፅ ነበር። «ተመስገን» አለ፤ ዘበኛውንም እጅ ነሥቶ ወደ ጆንያዎቹ ሄደ።

ልጅቱ ማምሻውን ስትመለስ ከበሩ ጀምራ ትናገር ነበር። አስተዳዳሪዋ ዙሪያዋን ዞራ አይታ፣ «ቁመቱ አጥሯል» ብላት ነበር፤ ቀጥላ ግን፣ «ተቀማጭ ስለሆንሽ ጠረጴዛው ይሸፍነዋል» አለች። በትከሻው ላይ ያለውን ቁራጭ በጣቷ ነክታም ማን እንደ ሰፋው ጠየቀቻት።

«‹አባቴ› ስላት ልብስ ሰፊ የሆንክ መስሏታል። እኔም ዝም አልኩ።»

ወሬዋን ያቆመችው አባቷ በደጃፉ ብርሃን የያዘውን ስታይ ነው። የእናቷን ቀሚስ ቁራጮች መልሶ እያያያዘ ነበር።

«ለኔ ልታደርገው ነው?» አለች አጠገቡ እየተቀመጠች። «እንግዲህ ትከሻውን አቃንተህ ስፋው። አሁንማ ታውቅበታለህ።»

ኩንታል መርፌውን በጨርቁ ላይ ሰክቶ ተወውና ሁሉን ነገራት፤ ስለ ወፍጮ ቤቱ፣ ስለ ዳቦ ቤቱ፣ ስለ መሐላው። በትከሻዋ ላይ ስለሚያራግፈው ዱቄትም ነገራት።

«አንዱ ስንት ኪሎ ነው?» ብላ ጠየቀች ልጅቱ።

«የዱቄት ጆንያ ኃምሳ ነው።»

«እስከ ዳቦ ቤቱ ደግሞ ዳገት ነው።»

«አዎ፣ ዳገት ነው።»

ቀጥሎ ልጅቱ መርፌውን ከጨርቁ ነቅላ፣ ያለቀውን ክር በአዲስ ቀይራ፣ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አስገባችለት፤ የግራውን ትከሻ ሁለት ጠርዞችም ገጥማ ያዘችለት።

«ግራውን አታቃናው» አለችው።

እርሱም እንደ ነበረ፣ አንድ ጣት ዝቅ አድርጎ ሰፋው።